ሰላጣ የተባለው ጎመን

አልታየች የገበያውን ጋሪ በቲማቲም ሣጥኖቹ መሀል እየገፋች ነው። አንዱ ጎማ አልዞር ብሎ በየሁለት እርምጃው ወደ ግራ ይጎትታታል። ጎንበስ ብላ ታቃናዋለች፤ ደግሞ ይጣመማል። አሠሪዋ ማዳም ስልኳን እያየች ከኋላ ትከተላለች።

ባለፈው ሰኔ ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ማዳም ከአገሯ እርሻ ያልወጣ ቅጠል ቤቷ እንዳይገባ ምላለች። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከዶሃ ወጣ ብሎ ወዳለው የገበሬዎች ገበያ ይመጣሉ፤ በዚህ አገር ቅዳሴው ዓርብ ስለሆነ ከዚያ ሹፌሩ ደምሴ አልታየችን ቤተክርስቲያን ያደርሳታል።

ዛሬ ግን አያደርሳትም። ባለፈው ዓርብ ማዳም ከዚሁ ገበያ «ኸስ» የተባለላትን ሰላጣ ገዛች። አልታየች ገና ከከረጢቱ ስታወጣው ጎመን መሆኑን አወቀች፤ ይሄ ይበስላል እንጂ በጥሬው አይበላም ብላ ተናገረች። ከገበሬው ይበልጥ ታውቂያለሽ ወይ ተባለች። ከተፈችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፤ የማዳም አማቶች ምሳቸውን እንደ ፍየል ሲያኝኩ ዋሉ። ጥፋቱም የእሷ አስተጣጠብ ሆነ። ሰላጣ ማጠብ እስክትማር ዓርብ ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር የለም፤ ኸላስ፣ በቃ።

እንግዲህ የሸጠውን ሰው አግኝታ በገዛ አፉ ለማዳም እንዲነግር ማድረግ አለባት።

ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንድ ቀጭን ሰው በጣሳ ውሃ ቅጠል ያርከፈክፋል። ቅጠሉን ከሩቅ አወቀችው። ሰውየውም ያገሯ ልጅ መሆኑን ከግንባሩ ለየች።

«ጎመኑን ሰላጣ ነው ያልከው አንተ ነህ?»

ሰውየው ቀና አለ። አማርኛውን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ጥያቄው ሲገባው ጨለመ። ካሳሁን እባላለሁ አለ፣ ስሙን የጠየቀው ሳይኖር።

«በአረብኛ ሌላ ምን ልበለው፣ እህቴ? እኔ የማውቀው ኸስን ብቻ ነው።»

ዘሩን ከአገር ቤት በመሐረብ ቋጥሮ እንዳመጣው ነገራት። ከኪያሩ ዳር አንዲት መደብ ዘራ። የእርሻው ባለቤት፣ ባባ፣ ከተሸጠ ይቆይ፣ ካልተሸጠ ለኪያር ይገለበጣል አለው። ስሙን ስላላወቁት ሰዎች እያገላበጡ ጥለውት ይሄዱ ነበር። ኸስ ሲላቸው እስከ ቀትር አለቀ።

«እና ተመልሶ የመጣ የለም?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሌላው ዝም ብሎ አኝኮታል መሰለኝ።»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። ማዳም እየደረሰች ነው፤ ንገራት አለችው። ካሳሁን ወደ ኋላው አየ። ባባ ከጠረጴዛው ጀርባ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ከሰማ መደቧን ነገ ያርሳታል።»

«እኔም ወር ሙሉ ሳላስቀድስ ጎመን ሳጥብ ልክረም?»

ማዳም ደረሰች። ካሳሁን ጣሳውን አስቀመጠ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በሰባራ አረብኛ ኸስ አይደለም፣ የሐበሻ ነው፣ የሚበስል ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላት። ማዳምን ከሁሉ በፊት የጨነቃት ሌላ ነገር ነበር፦ ታዲያ የአገራችን አይደለም?

«አፈሩም ውሃውም የእናንተ ነው፣ ማዳም። ስሙን ብቻ ነው ያጣሁት።»

የማዳም ድምፅ ከፍ አለ። ባባ ሻዩን ትቶ መጣ። ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያ ምን ችግር አለ ብሎ ጠየቀ። ካሳሁን መሬት መሬቱን ያያል። ማዳም ባባን አየች፣ ጎመኑን አየች። አማቶቿን ጥሬ ጎመን ማብላቷን በዚህ ሰው ፊት ልትናገር መሆኑ አሁን ገና የታያት ይመስላል።

«ምንም የለም» አለች። «ቅጠሉ ጥሩ ነው፣ ይበስላል። ልጅቷ ከመጀመሪያው ነግራኛለች።»

ነግራኛለች። ሳምንት ሙሉ ከማዳም አፍ አንዴ እንኳ ልትሰማው የተመኘችው ቃል፣ ለማያውቃት ሰው፣ ያውም ለይሉኝታ ተባለ። አልታየች ንዴቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ባባ የቅጠሉን ስም ጠይቆ «ጉመን፣ ጉመን» እያለ ተለማመደው። ለገዢ እንዲነግር አሠራሩን ማወቅ ፈለገ። ማዳም አታውቅም።

«ያላ፣ አሳዪው» አለቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ደምሴ መኪናው ውስጥ እየጠበቀሽ ነው፣ ይሄን ስትጨርሺ ቤተክርስቲያንሽ ሂጂ አለቻት፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ነው።

አልታየች አንድ እስር ፈታች። ዘንጉን ይዛ ቅጠሉን ወደ ታች ገፈፈችው። ሽንኩርትና ዘይት አለች፤ ጥሬውን አይደለም አለች፣ ሁለት ጊዜ። ይሄኔ ቅዳሴው ተጀምሯል። ለማሳየት አንድ ቅጠል ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን ንዴቷን ቅጠሉ ላይ እየተወጣች አንዷን ዘንግ እንኳ ሳታስቀር እስሩን ጨረሰችው። ቅጠሉን ሣጥን ውስጥ አስተካክላ ደለደለች፤ ሣጥኑን አንስታ ጠረጴዛው ዳር፣ ማዳም ፊት አስቀመጠችው።