በ«ሰ» ተራ

ስምረት የጓደኛዋን የፍሬገነትን የማስተርስ ጽሑፍ እንደተቀበለች ወደ ማጣቀሻ ዝርዝሩ ገለጠች። በ«ሰ» ተራ የክፍላቸው ልጅ ሰናይት አለች፤ ስምረት ራሷ ግን የለችም። ውጭ አገር የታተመ ጥናት ያላት እሷ ሆና ሳለ፣ ሰናይት! ቅናት አንገበገባት። በዚያው ዕለት ከራሷ ጽሑፍ የፍሬገነትን ስም ከሦስት ቦታ ሰረዘች፤ ከእሷ የወሰደችውን ሐሳብ ግን እንዳለ ትታ አስጠርዛ አስገባች።

ሰኞ ዕለት አማካሪያቸው ሁለቱንም አስጠሩና የፍሬገነትን ማጣቀሻ እያዩ ሳቁ።

«ስምረትን ምነው በአባቷ ስም አስገባሻት? ‹ወልደሰንበት፣ ስ.› ፈረንጅ አደረግሻት እኮ!»

«የሷ ውጭ አገር ስለታተመ ነዋ፣ ዶክተር! እንደነሱ ላክብራት ብዬ።» ፍሬገነት እየሳቀች የስምረትን ጥራዝ ከጠረጴዛው አነሳች። «እስቲ አንቺስ እኔን እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽኝ ልይ።»