የጓዴ ሳል

የጋፋት ሰው ውሻ ይወዳል፤ ከደጅ ካላለፈ። ስለዚህ ወይዘሮ ዓይናለም ውሻቸውን ከምድጃው አጠገብ አጎዛ አንጥፈው ሲያስተኙት ሰፈሩ ብዙ አለ። "ሐዘን ነው" ያሉ ነበሩ። ሌሎቹ ያሉት አይጻፍም።

ሐዘንስ ነበር። አንድ ልጃቸው ይርጋ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ እዚያው ከርሞ፣ በወባ ሞተ። ባልንጀሮቹ መርዶውን ይዘው ሲመጡ ውሻውንም አመጡት። ጓዴ ብሎ ስም ያወጣለት ይርጋ ነው። ከልጃቸው የቀረ ሌላ ነገር የለም።

ጓዴ ከክረምቱ ወዲህ ያስላል። ትንሽ ከሮጠ ይንገዳገዳል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ሳሉ ሲበረታም አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን ያየች አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ ነገረች፤ በማግስቱ ሚሊሻው ደምሴ ጠመንጃውን አንግቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እትዬ ዓይናለም፣ ውሻው አብዷል ይባላል።"

"ታሟል እንጂ አላበደም።"

ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም። የአክስቱ ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ፣ ውኃ ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሲሞት አይቷል። ከዚያ ወዲህ ውሻ ካስነጠሰም ጥይት ያጎርሳል። ዓይኑ በጨርቅ የተጠቀለለው የወይዘሮዋ እጅ ላይ አረፈ።

"እጅዎ ምን ሆነ?"

"ድመቷ ነክሳኝ ነው።"

"የታለች ድመቷ?"

"እኔ እንጃ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።"

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። ለውሻ ብሎ ድመት የሚወነጅል ሰው ገና ማየቱ ነው።

"እትዬ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እሱን ልግደለው፤ እርስዎም ሆስፒታል ሄደው መርፌውን ይወጉ።"

ወይዘሮ ዓይናለም እግሩ ላይ ወደቁ። "እሱን ከገደልክብኝ ይርጋን ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። እባክህ ልጄ፣ መጀመሪያ የከብት ሐኪም ይየው። አብዷል ከተባለ እኔው ይዤልህ ትገድለዋለህ፤ መርፌውንም እወጋለሁ።"

"አላበደም ቢባልስ?"

"ታዲያ ምን ልሁን ብዬ እወጋለሁ?"

በዚህ ተስማሙ።

ጓዴ መራመድ ስላቃተው ወይዘሮዋ በጋቢ አዝለውት ወደ ደብረ ታቦር ተነሡ። ደምሴ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ከኋላ ተከተለ። መንገደኛው አንዳንዱ ሳቀ፤ አንድ ቄስ አማተቡ። እሳቸው ወደ ማንም አላዩም። የውሻው ትንፋሽ ማጅራታቸው ላይ ይቆራረጣል። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደረስን" ይሉታል። ገና አልደረሱም ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ሰሚራ ትባላለች። ደምሴ በር ላይ ቀረ፤ እሳቸው ጓዴን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ሰው ነክሷል እማማ?"

"በስመ አብ፣ ማንንም።" እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። ጨርቁን አይታ የደምሴን ጥያቄ እንዳትደግመው ፈርተው ነው።

ሰሚራ ከውሻው ደም ቀድታ በማይክሮስኮፕ አየች። ደጋግማ አየች። ወይዘሮዋ እግዚኦታ ጀመሩ።

"ይምጡ፣ ይዩት" አለቻቸው።

ክር የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች በደሙ ውስጥ ይራወጣሉ።

"የልብ ትል ነው። ትልልቆቹ ልቡና ሳንባው ውስጥ ናቸው፤ የሚያስለውም የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ቆላ ኖሯል?"

"መተማ።"

"እዚያ ነው የያዘው። ትንኝ ናት የምታስተላልፈው።"

"ልጄንም ትንኝ ናት የበላችብኝ" አሉና አለቀሱ። ቆይተው፣ "እብደት አይደለም በይኛ?"

"አይደለም።"

ሰሚራ በር ድረስ ወጥታ ይህንኑ ለደምሴ ነገረችው። ደምሴ ሐኪሟን አየ፣ የወይዘሮዋን እጅ አየ፣ ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ። የድመቷን ነገር በመጨረሻው አመነ።

ዋናው መድኃኒት ደብረ ታቦር አልነበረም። ሰሚራ ያላትን ክኒን ሰጥታ አስጠነቀቀች፤ ውሻው ይታሰር፣ አይሩጥ፣ ከሮጠ የሞተው ትል ሳንባውን ይዘጋዋል። ይድናል ብላ ግን አልማለችም።

ወይዘሮ ዓይናለም ውሻውን ምሰሶው ላይ አስረው አጠገቡ ከረሙ። ገበያ ቀረ፣ ለቅሶ ቀረ፣ ቅዳሴም ቀረ። ክኒኑን በእንጀራ ጠቅልለው በእጃቸው ያጎርሱታል። ሳሉ ሲያፍነው ደረቱን ይዘው፣ "ጌታዬ፣ ይህን እንኳ ተውልኝ" ይላሉ። ሞተ ብለው ያለቀሱበትም ቀን አለ። አልሞተም። ሆዱ ጎደለ፤ ሳሉ ሳሳ።

ገብሱ ሲታጨድ ጓዴ ቆሞ ጮኸ። ከታመመ ወዲህ መጀመሪያ የጮኸው ደምሴ ላይ ነው። ደምሴ አጥንት ይዞ ለእርቅ መጥቶ ነበር።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልገድለው ነበርኮ።"

"ምን ታደርግ ልጄ፤ ለሰው አስበህ ነው።"

ወይዘሮዋ ከስተዋል። ትኩሳት ቢጤ ይዟቸዋል፤ የድካም ነው አሉ። የዳነውን እጃቸውን እያከኩ ጓዴ አጥንቱን ሲቆረጥም አይተው ይስቃሉ። እንዲያ ሲስቁ ከታዩ ቆይቷል። ደምሴ ከእንስራው ቀድቶ አንድ ጣሳ ውኃ አቀበላቸው።

ጣሳው አፋቸው ሳይደርስ ጉሮሯቸው ተናነቀ፤ ውኃውን ገና ሲያዩት እየተንቀጠቀጡ ወረወሩት።