ለዮፍታሔ የተመረጠ ጌም

ወልደአማኑኤል መሰለችን ለማግባት ከወሰነ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀረው ለእሷ መንገር ብቻ ነበር።

ሰውየው በችኮላ የሚታማ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቷል። ቤት ሲገዛ የተታለለ፣ መኪና ሲሸጥ የተታለለ፣ በገዛ ወንድሙ የተታለለ፣ የሁሉም መዝገብ በእጁ አልፏል። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው አንድ ትምህርት ነው፤ ማኅተም የሌለበትን ነገር አለማመን። ፍቅር ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ፈጀ።

መሰለች ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ትሰፋለች። ወልደአማኑኤል በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሱሪ አሳጥሮባታል። በመጣ ቁጥር ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ትለዋለች። ይህን ዓይን አፋርነት አድርጎ ይቆጥርላታል።

በመጨረሻ በልጇ በኩል ለመግባት አሰበ። ዮፍታሔ ስድስት ዓመቱ ነው። የጎረቤት ልጅ በእጅ የሚያዝ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ቆሞ ምራቁን ሲውጥ አይቶታል። ቅዳሜ ጌሙን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ይደሰታል፤ የእናትየው ልብ ይራራል፤ እሱም ያን ጊዜ ይናገራል።

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ኢፋ የሚባል ጎልማሳ ስልክና ጌም ይሸጣል፣ ይጠግናል። ወልደአማኑኤል ገና ከበሩ ሳያልፍ አጭበርባሪ መሆኑን ደመደመ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ነበራ።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አለ ኢፋ፣ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ጌም አንስቶ።

«ለስድስት። የልብስ ሰፊዋ የመሰለች ልጅ ነው።»

ኢፋ ጌሙን እንደያዘ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና ከሥር አንድ ትንሽ ሰማያዊ አወጣ።

‘ጀመረ’ አለ ወልደአማኑኤል በልቡ። ‘ጥሩውን ደበቀ።’

«ያኛው ይከብደዋል፣ ጋሼ። እጁ ትንሽ ነው፤ ይጥለዋል። ኢንተርኔትም አለው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። የዚህኛው ጨዋታ ውስጡ ተጭኖ ያለቀ ነው። ባትሪው ሦስት ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ሲያልቅ ልጁም ያርፋል።»

ያላየውን ልጅ እጅ ይለካል! የባትሪውን ቶሎ ማለቅም እንደ ቁም ነገር ይሸጣል! ወልደአማኑኤል ብዙ ውሸታም በመዝገብ ያውቃል፤ እንዲህ የተማረ ግን አልገጠመውም።

«እርስዎ ለልጁ ምኑ ነዎት?» ሲል ኢፋ ጠየቀው።

ወጥመድ ነው። ለነጋዴ ልብ ከከፈቱ ዋጋው ይጨምራል።

«ምኑም አይደለሁም። ለልጁ የማስብ ሰው ነኝ። ከእናቱ የምፈልገው ነገር የለም» አለ ኮስተር ብሎ።

«ከልብዎ?»

«ከልቤ!»

ኢፋ እፎይ እንዳለ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ወልደአማኑኤል በማግስቱ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። ቁልፎቹን ልጅ ሊውጣቸው ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ዓይን ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀ። ጨዋታው ውስጥ ደም ይኑር አይኑር ለማየት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ተጫወተ፤ በጨዋታው ያለችውን ጥንቸል ወንዝ ማሻገር አቅቶት ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ቀን የስድስት ወር ዋስትና በማኅተም ጠየቀ። ኢፋ ሰጠው። ምስክር ጠየቀ። ኢፋ የጎረቤቱን ፀጉር አስተካካይ መቀስ እንደያዘ ጠርቶ አስፈረመለት። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሲጠየቅም ሁለት አድርጎ ሰጠ።

በዚህ ላይ በገዛሁበት ዋጋ እለቃለሁ አለ። የጌም መያዣውን ደግሞ በነጻ ጨመረ።

ይህ ወልደአማኑኤልን እንቅልፍ ነሳው። ትርፍ የማይፈልግ ነጋዴ አይቶም ሰምቶም አያውቅም። በአራተኛው ቀን ጌሙን ተውሶ ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰደና አስፈታው። ባለሙያው አገላብጦ አየና «እንከን የለውም» አለው። ወልደአማኑኤል ተመልሶ ለኢፋ ከፍሎ ሲወጣ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር።

ቅዳሜ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ከሱቋ ጀርባ ወዳለው የመሰለች ቤት ሄደ። ዮፍታሔ ጌሙን ሲያይ ጮኸ፤ የሰውየውን ጉልበት አቅፎ አልለቅም አለ። ያኔ የወልደአማኑኤል ሆዱ ባባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ለራሱ ለልጁ ወደደው። መሰለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁሉም እንደታቀደው ነው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «መሰለች፣ የምነግርሽ ነገር...»

«እኔ ልቅደም፣ ጋሼ» አለችው አንገቷን ደፍታ። «ስንት ቀን ፈርቼ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እምቢ እንዳይሉኝ።»

ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እምቢ አልልም። በማርያም እምላለሁ፣ እምቢ አልልም!»

«አባቱ ፕሮቴስታንት ስለነበር ዮፍታሔ በአርባ ቀኑ ክርስትና አልተነሳም። አሁን ቄሶቹን አነጋግሬ ለነገ ፈቅደውልኛል። ልጄን ክርስትና ያንሱልኝ፤ አበልጅ እንሁን።»

አበልጅ ከአበልጁ እንደማይጋባ ለማወቅ ወልደአማኑኤል መዝገብ ማገላበጥ አላስፈለገውም። የማለባትንም ማርያም ከደጇ ሆኖ ሊክዳት አይችልም። ዮፍታሔ እግሩ ሥር ተቀምጦ ጥንቸሏን በአንድ ጊዜ አሻገረ።

«ማነው... እኔን ያሰበ?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

መሰለች ፊቷ በራ።

«ጌሙን የሸጠልዎ ኢፋ ነዋ፣ እጮኛዬ!»