ሲመቱት የሚድነው ግዙፍ

"እህቴ፣ ያ መወልወያሽ ስንት ዳሜጅ አለው?"

ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ...

ጠያቂው ጎራዴው ነው። ሁሉም የሚጠራው እንደዚያ ነው። የቤቱ አንደኛ ተጫዋች።

እኔ የጌም ቤቱ ጽዳት ነኝ። ልጄን አዝዬ፣ መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ "እኔም እፈተናለሁ" ብዬ እጄን አውጥቻለሁ።

"ወለሉን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል" አልኩት።

አሁን ደግሞ በእሱ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

የጌም ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጽዳቱን ለድርጅት ሊሰጡ ነው። ያው እኔ ተሰናበትኩ ማለት ነው።

በሩ ላይ ግን አንድ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። "ጀማሪዎችን የሚያለማምድ ሠራተኛ እንፈልጋለን" ይላል። ከሥሩ ደግሞ... "አስራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ።"

እቺን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። እኔ ሰባተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት።

ቢሆንም እጄን አወጣሁ። ከሰኞ በኋላ ልጄን በምን እንደማሳድጋት አላውቅማ!

ፈተናው አንድ ነው። ተፈታኙ ራሱ አይጫወትም። አጠገብ ቆሞ፣ በአፉ ብቻ እየመራ፣ ሌላ ሰው የበረዶውን ግዙፍ እንዲጥል ያደርጋል። አስር ደቂቃ ብቻ።

የበረዶው ግዙፍ ማለት... ሁለት ወር ሙሉ ቤቱን ያስለቀሰ ቦስ፣ የጌሙ ዋና ጠላት ነው።

ጎራዴው ቀድሞ ገባ። ጓደኛውን አስቀመጠና...

"በረዶ አይደል? በእሳት ሰይፍ በለው! ድገመው! ድገመው እንጂ!"

ጓደኛው ቀጠቀጠው። በግዙፉ ራስ ላይ የምቱ ቁጥር ይፈነዳል... 400... 700... 900!

"ዳሜጅ ማለት ይሄ ነው!" ቤቱ አጨበጨበ።

አስሩ ደቂቃ አለቀ...

ግዙፉ ምንም ሳይሆን ቆሟል። እንዲያውም ተመችቶታል።

"ጌሙ ነው የተበላሸው!" አለ ጎራዴው።

ተራዬ ደረሰ።

"ማንን ነው የምታጫውቺው?" አሉ እትዬ።

"ጋሼን።"

ጋሼ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ጥጉ ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉም የሚያስበው እዚያ ሲሸነፉ እንደሚውሉ ነው።

"ኧረ እሳቸው ጆይስቲኩን እንደ መዶሻ ነው የሚይዙት!" አለ ጎራዴው።

ጋሼ መነጽራቸውን እያስተካከሉ... "አርባ ዓመት መዶሻ ይዤ ጣቴን አልመታሁም፣ ልጄ። የአንተ ጓደኛ በአስር ደቂቃ ጌሙ ውስጥ ስንቴ ሞተ?"

ሳቁ ፈነዳ።

ጀመርን።

"ጋሼ፣ አንድ እሳት ብቻ።"

መቱት። በረዶው ቀለጠ፤ ግዙፉ በውሃ ራሰ።

"በቃ፣ እሳቱን ይተዉት! መብረቅ!"

"ምን ማለት ነው አንዴ ብቻ? ይድገሙት እንጂ!" ጎራዴው ከኋላ ጮኸ።

መብረቁ እርጥቡ ሰውነት ላይ አረፈ...

2,600!

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"ይሽሹ ጋሼ... ይሽሹ... ውሃው መልሶ በረዶ ይሁን... አሁን እሳት፣ አንድ... መብረቅ!"

በመሃል ጋሼ ደነገጡና እሳቱን ሁለቴ ተጫኑ።

"ቁጥሩ አረንጓዴ ነው ጋሼ! ያቁሙ፣ እያዳኑት ነው!"

ይባስ ብሎ ልጄ ነቅታ አለቀሰች። ምን ላድርግ? እያወዛወዝኩ ቀጠልኩ።

"እሹሩሩ... እሳት... እሹሩሩ... መብረቅ!"

በስምንተኛው ደቂቃ ግዙፉ በጉልበቱ ተንበረከከ... ከዚያ ተዘረረ!

ወንበር ወደቀ። ሰው ተቃቀፈ። የማላውቀው ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልጄ እንኳ ለቅሶዋን ትታ አፏን ከፍታ ታያለች።

"እንዴት ይሆናል?" ጎራዴው ፈዟል። "የእኛ ሰይፍ እኮ ከእሳቸው ይበልጣል!"

"ይበልጣል" አልኩት። "ግን እሳት ስትደግምበት ውሃው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ ቁስሉን ይዘጋለታል። ያኔ ቁጥሩ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። አረንጓዴ ከሆነ እያቆሰልከው አይደለም፣ እያከምከው ነው። ያ ያጨበጨባችሁለት 900 አረንጓዴ ነበር።"

"ታዲያ ከመጀመሪያው መብረቅ ነዋ!"

"ደረቁን በረዶ መብረቅ አይነካውም። መጀመሪያ መርጠብ አለበት።"

እትዬ ጠጋ አሉኝ። "አንቺ ጆይስቲክ ይዘሽ አታውቂ። ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ተነሱ።

"እኔ ልንገራችሁ... ለእኔ ቀይና አረንጓዴ አንድ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አይለዩልኝም።"

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"እናንተን ብጠይቅ ትስቁብኛላችሁ ብዬ አፈርኩ። እሷን ጠየቅኳት። ሁለት ወር ሙሉ ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር ከኋላዬ ቆማ፣ 'ጋሼ ቀይ ነው... ጋሼ አረንጓዴ ሆነ' ስትለኝ ነበር። ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችም። አረንጓዴው ሁልጊዜ ከሁለተኛው እሳት በኋላ እንደሚመጣ ቆጥራ የደረሰችበትም እሷ ናት።"

ወደ ጥጉ እየጠቆሙ...

"ደግሞ ይሄ ግዙፍ ዛሬ የመጀመሪያው መሰላችሁ? እዚያ ጥግ ላይ ሦስት ጊዜ ጥለነዋል። ዞር ብሎ ያየ ግን አልነበረም!"

እትዬ ሳቁ። "በይ የትምህርት ማስረጃሽን ነገ ይዘሽ ነይ።"

"እትዬ... እኔ ሰባተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት።"

እትዬ ወደ በሩ ሄዱ። እስክሪብቶ አወጡ። ያቺን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዟት።

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ። ልጅሽንም ይዘሽ።"

ጎራዴው ራሱን እያከከ መጣ። "እህቴ... ሰኞ ከምታለማምጃቸው መጀመሪያ እኔን ጻፊኝ፣ እሺ?"

ጻፍኩት። አንደኛ ተራ ላይ!

ከዚህ የተማርኩት... ጠንክሮ መምታት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ምታችን ያመጣውን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም ሰው አፍሮ የጠየቀንን ሳናሳፍር ብንመልስለት፣ እሱን ስናስተምር የምንማረው ራሳችን ነን።

እናንተስ... "በርትቼ እየታገልኩት ነው" ስትሉ፣ ለካ ስታጠነክሩት የነበረ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? የነቃችሁትስ እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።