«ዕድሜሽ አልፏል አሉ» የተባለችው እህት

«እናቴ፣ በስምዎ የገባ ማመልከቻ የለም።»

ሴትዮዋ የትምህርት ቢሮውን መስኮት ተጠግታ ቆማለች... የሰማችው ነገር አልገባትም።

«እንዴት አይኖርም? ሦስት ዓመት በተከታታይ አመልክቻለሁ እኮ። ሦስቴም አልተቀበላችሁኝም።»

ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት።

«ይኸው ይዩት... ባዶ ነው። ያልጠየቀንን ሰው እንዴት እንከለክላለን?»

ይህች ሴት አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

ጠዋት ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ቤት በካውያ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች።

ከሰዓት ደግሞ የታናሽ እህቷን ሁለት ልጆች ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ አብልታ፣ አጥባ፣ እናታቸው ከቢሮ እስክትመለስ ትጠብቃለች። «እህቴ አይደለች እንዴ» ብላ... በነፃ።

የሁለቱ እህትማማቾች እናት የሞተችው ትልቋ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ነው። ታናሿ ገና አምስት ዓመቷ ነበር።

ያኔ ትልቋ ደብተሯን አጥፋ ሥራ ገባች... ታናሿን አስተምራ አስመረቀቻት።

ከአራት ዓመት በፊት ነው እንግዲህ፣ መንግሥት ትምህርት ላቋረጡ አዋቂዎች ድጋፍ እንደሚሰጥ የሰማችው። ክፍያውንም፣ መጽሐፉንም፣ ትራንስፖርቱንም ይሸፍናል።

ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። እሷና ኮምፒውተር ደግሞ አይተዋወቁም።

«እትዬ፣ አንቺ አትድከሚ... እኔ ቢሮ ሆኜ እሞላልሻለሁ» አለቻት ታናሿ።

በመጀመሪያው ዓመት «ዕድሜሽ አልፏል አሉ።»

በሁለተኛው «ወረቀት ጎደለ አሉ።»

በሦስተኛው «በጀት አለቀ አሉ»... ይህን ስትነግራት አቅፋት አብራት አለቀሰች።

በአራተኛው ዓመት ግን የልብስ ማጠቢያው ጥበቃ ደብተር ይዞ መጣ። ሰውየው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚማረውም በዚያው ድጋፍ ነው።

«ጋሼ፣ በዕድሜ አልመለሱዎትም?»

«እኔን? አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ስድሳ ሁለቷ ነው። የቤት ሥራ ግን ከእኔ ነው የምትቀዳው።»

መስኮቱ ጋ ያመጣት ይሄ ነው።

ከመስኮቱ በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። ተናዳለች... በእህቷ ግን አይደለም።

«እነዚህ ሰዎች ማመልከቻዬን ጥለውታል» አለቻት። «አንቺ መጻፍ ታውቂበታለሽ፣ አቤቱታ ጻፊልኝ።»

ታናሿ የልጆቿን ልብስ ማጠፏን ቀጠለች...

«ትጽፊልኛለሽ አይደል?»

«... አልላክሁትም።»

«የቱን?»

«አንዱንም።»

ትልቋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለምን?»

«ትምህርቱ ከሰዓት ነው፣ እትዬ። አንቺ ከገባሽ ልጆቹን ማን ይይዝልኛል? ደግሞ... በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው።»

ይህን የምትላት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ልጅ ናት።

«ባለፈው ዓመት አቅፈሽኝ አልቅሰሻል እኮ... ያስለቀሰሽ ምን ነበር?»

ታናሿ ያጠፈችውን ልብስ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺን የሚይዝ ሲጠፋ እኔ ደብተሬን አጠፍኩ» አለች ትልቋ። «አንቺ ግን ሦስት ዓመቴን አጠፋሽብኝ።»

አልጮኸችም። ልጆቹን ሳመችና ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ ቢሮው ተመለሰች። ጸሐፊው የወረቀት ቅጽ ፈልጎ ሰጣት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ በገዛ እጇ ሞላችው... ሁለት ሰዓት ፈጀባት።

በስድስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ተቀብለዋታል።

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አልጀብራ አበሳዋን ያሳያታል።

ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ትወስዳቸዋለች፤ እነሱ ምን አጠፉ?

ታናሿ ሽማግሌ ልካ ይቅርታ ጠይቃለች። ትልቋም «ይቅር ብያለሁ» ብላለች... በር ላይ ሰላም ይባባላሉ፣ ገብታ ግን አትቀመጥም።

ወዳጆቼ... «ባጎረስኩ ተነከስኩ» ማለት እንዲህ ነው።

የሚወደን ሰው ጥለነው ብንሄድም ይወደናል። ካለንበት ፈቀቅ እንዳንል የሚፈልግ ሰው ግን የሚወደው እኛን ሳይሆን አገልግሎታችንን ነው።

እናንተ በትልቋ ቦታ ብትሆኑ፣ እህታችሁ ቤት ገብታችሁ እንደ ድሮው ትቀመጡ ነበር? የልባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... አነባለሁ።