ከመምረጡ በፊት

አባቷ ሁለቴ የመለሷቸውን ሽማግሌዎች በሦስተኛው «እሺ» ሲሏቸው፣ የሻረግ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ይሄነውን ልታበስር በባጃጅ በረረች። ሊያገባት ሽማግሌ የላከው ይሄነው፣ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛው ተቀምጦ ጌም ይጫወት ነበር። ቀና እንኳ አላለም። ስክሪኑ ላይ የእሱ ጀግና ለአንዲት ንግሥት ቀለበት ያጠልቅላታል።

«ትናንት የጌሙን መድኃኒት አዋቂ አገባሻለሁ ስትላት አልነበር?» አለችው።

«እሷም አለች» አለ እየሳቀ። «ከመምረጤ በፊት ጌሙን ያለበት ላይ ሴቭ አደርጋለሁ። ይቺ ካላማረችኝ ወደኋላ ተመልሼ ያቺን አገባለሁ። አንዷም ስለሌላዋ አታውቅም።»

ደሟ ፈላ። እነዚያ አዛውንቶች ሦስት እሁድ በዝናብ ፈረስ ጭነው የተመላለሱት፣ በአባቷ ደጅ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ያሉት ለዚህ ሰው ነው!

«ምን ያስቆጣሻል? ጌም እኮ ነው።»

«አባዬ እሺ ብለዋል» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «እኛ ቤት ሽማግሌ ከመላክህ በፊትስ ማን ጋ ነው ሴቭ ያደረግኸው?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እጁ ከአፉ ቀደመ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን ስክሪኑ እንዳይታይ ደፋው።