በግድግዳው ያለፈው ጣውላ

አያ ወልደኢየሱስ በሩ ላይ ቆመው ጣውላውን አንዴ፣ ክፍሌን አንዴ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣውላው ከክፍሉ ይረዝማል። ይህን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ጓሮ ነው።

«ልዕልት ልጄ፣ ይኼን በዚህ በግ ቤት እንዴት አድርገሽ ልትሠሪው ነው?» አሉኝ።

በግ ቤት ማለታቸው እውነት ነው፤ እስካለፈው ዓመት በግ ይታሰርበት ነበር። አዘዞ ካለው ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ወጥቼ ይህችን የጓሮ ክፍል ስይዝ፣ የከተማችን የፀዳ ሰው «ልዕልት በግ ቤት ገባች» እያለ ስቆብኛል። አላናደደኝም ብል ውሸት ነው። ግን እልኸኛ ነኝ። ወለሉን ሲሚንቶ አስለበስኩት። የሥራ ጠረጴዛዬን በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር ገጠምኩት፤ ስፈልገው ይዘረጋል፣ ስጨርስ ታጥፎ ቦታውን ይለቅልኛል። የጭቃ ግድግዳ ምስማር እንደማይዝ እያወቅኩ መጋዞቼን በችኮላ ሰቅዬ፣ በነጋታው ሁሉንም መሬት ላይ ለቀምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን እያንኳኳሁ ቋሚ እንጨቶቹን ፈለግኩ፣ በነሱ ላይ ሳንቃ መታሁ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ሰጠሁት። አሁን መዶሻዬን ዓይኔን ጨፍኜ አነሳዋለሁ።

እንዲህም ሆኖ እስካሁን የሠራሁት ትንንሽ መቀመጫ፣ ዱካ፣ እና ሳጥን ብቻ ነው። አያ ወልደኢየሱስ የሰንበቴ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ፣ ናቸው፤ ማኅበርተኛው ጠበል ጠዲቅ ሲቀምስ የሚቀመጥባቸውን ረጃጅም አግዳሚዎች የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጣውላው ነፋስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጣለው ዋንዛ የተሰነጠቀ ነው። ቢበላሽ ምትክ የለውም። ይህን አንዱን ለሙከራ አሸክመው አመጡልኝ፤ በደንብ ከተላገ የቀሩትም ይመጣሉ። ካልሆነ ሥራው አዘዞ ይሄዳል፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ዱካ ሠሪ ሆኜ እቀራለሁ።

ቆርጬ ልቀጥለው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ፊታቸው ከወዲሁ ጠቁሯል። የተቀጠለ አግዳሚ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ መሃል የሚቀመጡት ደግሞ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ናቸው። አልቆርጠውም አልኳቸው። ከበሩ ትይዩ ወዳለው ግድግዳ ሄጄ ትንሿን መዝጊያ ከፈትኩ። ብርሃን ገባ፤ በቀዳዳው ውስጥም የጎረቤቴ የወለላ ጎመን ታየ።

አያ ወልደኢየሱስ ደነገጡ። የሰፈሩን የድንበር ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ከጣሪያ በሚወርድ ጠብታ የተኳረፉ ጎረቤቶችን ሲያመላልሱ ኖረዋል።

«ምነው ልጄ፣ የሰው ድንበር ቀደድሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መልሱ ከቀዳዳው መጣ። ወለላ ከወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ አንገቷን አስገባች። «አያ፣ እኔው ነኝ የፈቀድሁላት።»

ውላችን ቀላል ነው፤ ጣውላው በሷ ግቢ ይወጣል፣ ሰጋቱራው ለሷ ምድጃ ይሆናል። ጭቅጭቅ የለ፣ ሽማግሌ የለ። አያ ወልደኢየሱስ ሳይጠሩ በመቅረታቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

የመላጊያ ማሽኑን በጎማዎቹ እየገፋሁ በሩና ቀዳዳው መሃል አሰለፍኩት። መብራት ስላልጠፋ ፈጣሪን አመስግኜ አስነሳሁት። ማሽኑ ጣውላውን ነክሶ ይጎትት ጀመር። ከበሩ በኩል ሻካራና አቧራማ ሆኖ ይገባል፣ በወለላ በኩል ጸድቶ፣ ቀለሙ ፈክቶ ይወጣል። ደስ አለኝ፤ በዚህች ክፍል ኮራሁ። የሳቁብኝ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፈው ቢያዩልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ስመኝ ወለላ ከወዲያ ተጣራች። ጣውላውን የሚቀበለውን መቆሚያ ጠዋት በርበሬ ልታሰጣበት ወስዳው፣ መመለሱን ረስታዋለች። በእጆቿ ደግፋዋለች፤ ግን ጣውላው በወጣ ቁጥር ይከብዳታል። ጫፉ ወደ ታች ካዘነበለ ማሽኑ መጨረሻውን ይቦረቡረዋል። መሃል ላይ ባቆመውም ጠባሳ ይተውበታል። እኔ ደግሞ የኋላውን ጫፍ ይዣለሁ፣ ልለቀው አልችልም። ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ።

«አያ» ብዬ ዞር ስል የሉም። ጋቢያቸው ብቻ ከበሩ ሥር ወድቋል።

ጥቂት ቆይቶ በቀዳዳው በኩል ሽበታቸው ታየኝ። ጎመኑ መሃል ተንበርክከው ትከሻቸውን ከጣውላው ሥር አስገብተዋል። ወለላ እጇን ለቀቀች።

«ይምጣ ልጄ» አሉ፣ «ይዤዋለሁ።»

ጣውላው ተስተካከለ። ማሽኑ እስከ መጨረሻው ጎትቶ አሳለፈው። አጥፍቼው በወለላ በር በኩል ዞሬ ስደርስ፣ ሁለቱ ጣውላውን ዳርና ዳሩን ድንጋይ ላይ አሳርፈው አጋድመውታል። አያ ወልደኢየሱስ በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ መልሰው ዳሰሱት። እንከን አላገኙበትም።

 ጉልበታቸው ላይ የቀረውን አፈር ሳያራግፉ መሃሉ ላይ ተቀመጡ። ሰውነታቸውን ለቀቅ አድርገው ክብደታቸውን ጣሉበት፤ ጣውላው ቀጥ እንዳለ ተቀበላቸው።

«የቀሩትን ነገ አስመጣለሁ» አሉ።

ከዚያ ከመሃሉ ወደ ዳር ፈቀቅ አሉና፣ የለቀቁልኝን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሰጋቱራዬን እንደለበስኩ ሄጄ ተቀመጥኩ።